ጋኑ ሳይታጠብ አይጠነሰስም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬም ከጎንደር ነኝ። ካሜራውን ከመክፈቴ በፊት እናቴ ዘንድ ነበርኩ። ጋን እያጠበች ነው ያገኘኋት። ስለዚህ መጀመሪያ እሷ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ወደ ዋናው ጉዳያችን፣ መሪ አንድ ጊዜ የሠራለትን ነገር መልቀቅ ስለ መማሩ፣ ቀስ ብለን እንደርሳለን። ታገሱኝ።

ጋን ሲታጠብ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ክንዷን እስከ ትከሻዋ ታስገባለች። ግራዋ በሚባለው ቅጠል ታሻለች። ታለቀልቃለች። አፍንጫዋን ጋኑ አፍ ላይ አድርጋ ታሸታለች። «ገና ነው» ትላለች። ደግማ ታሻለች። ደግማ ታሸታለች። ከዚያ ወይራ ታጨስና ጋኑን ጢሱ ላይ ትደፋዋለች። ጥንስሱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለምን መሰላችሁ? የድሮው አተላ ጥግ ላይ ከቀረ አዲሱ ጠላ ይኮመጥጣል። የፈለገውን ያህል ጥሩ ጌሾ ከቅዳሜ ገበያ ይምጣ፣ ብቅሉ የፈለገውን ያህል ያማረ ይሁን፣ ይኮመጥጣል።

አሁን አተላውን እዩልኝ። አተላ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? ጌሾ ነበር። ብቅል ነበር። ጠላውን ጠላ ያደረገው እሱ ነው። ሥራውን ስለጨረሰ ነው አተላ የሆነው። እኛ ቃሉን ስድብ አደረግነው እንጂ እናቴ አተላን አትንቅም። ለላሟ ትሰጣለች። ጋኑ ውስጥ ግን አታሳድረውም።

ይህን ምሳሌ በጣም ነው የምወደው። መጥፎ መሆኑ የታወቀ ነገር መተው ለመሪ ያን ያህል አይከብደውም። የሚከብደው አንድ ጊዜ በደንብ የሠራለትን ነገር መተው ነው። ያወጣው ደንብ፣ የጀመረው ፕሮጀክት፣ «ሁሉም ወረቀት በእኔ እጅ ይለፍ» ያለበት ልማድ።

ወደ ዋናው ከመግባቴ በፊት ግን፣ ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ መጣ። «መሪ መልቀቅ ይማር ስትል፣ ሥልጣን ይልቀቅ ማለትህ ነው?» የሚል። አንዱማ «አለቃዬን ታግ አድርጌዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ቃሉ ነው ያሳሳተን። በአማርኛ «ለቀቀ» ሲባል ወዲያው የሚታየን ወንበሩ ነው። እኔ የማወራው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ስለሚለቀቅ ነገር ነው።

«አፄ ሱስንዮስስ ዙፋናቸውን ለቀው የለም ወይ?» ያላችሁም አላችሁ። የጎንደር ልጅ ይህን አይረሳም፣ ደስ ብሎኛል። ግን ቅደም ተከተሉን እንየው። ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. ገደማ ካቶሊክነታቸውን በግልጽ ተቀበሉ። ከኢየሱሳውያኑ፣ ማለትም ከካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ጋር የመጣው ወዳጅነት ያን ጊዜ ለእሳቸው ስሌት ነበረው፤ ከፖርቱጋልና ከስፔን በኩል ድጋፍ ይገኛል የሚል ተስፋ ነበር። ከዚያ አመፅ መጣ። አንዱን ሲያበርዱት ሌላው ይነሳል። አሥር ዓመት! የገዛ አገራቸው ሰው በሺዎች ረገፈ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ሰጡ። ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ።

አያችሁ? መጀመሪያ የለቀቁት ውሳኔያቸውን ነው፣ ዙፋኑ ተከትሎ ነው የሄደው። እኔ ሁሌ የማስበው፣ ውሳኔውን አምስት ዓመት ቀደም ብለው ለቀውት ቢሆን ዙፋኑ ላይ ይቆዩ ነበር ብዬ ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፤ የማትስማሙ ከታች ጻፉልኝ፣ አነባለሁ።

ፋሲልም የለቀቁት ነገር አለ። ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ድንኳን እየተከሉ፣ እየነቀሉ ነበር የሚገዙት። ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩና ረጉ። ግንቡን ለብቻው በሌላ ቪዲዮ እመጣበታለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት።

እሺ፣ ሳይንሱን ቶሎ ቶሎ ልበለው። የማጣት ሕመም ከማግኘት ደስታ ይበልጣል፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ካህነማንና ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳዩት ይህንን ነው። ባሪ ስታው የተባለ ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ተማሪዎችን የድርጅት ኃላፊ አድርጎ ገንዘብ እንዲመድቡ አደረገ። የመረጡት ክፍል ሲከስር፣ ምርጫው የራሳቸው የሆነው ሰዎች ለዚያው ለከሰረው ክፍል ይበልጥ ጨመሩለት። ሌላ ሰው የመረጠውን የተረከቡት ግን እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያሰረን የራሳችን ፊርማ ነው። ስለዚህ ውሳኔውን ያልፈረመ ሰው ያሽትልን።

ሌላ ሰው ከሌለስ? የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1985 ያደረጉትን እወደዋለሁ። ድርጅቱ የቆመው በሜሞሪ ቺፕ ነበር፣ በጃፓኖች ተበልጦ እየከሰረ ነው። ከድርጅቱ መሪዎች አንዱ አንዲ ግሮቭ ሌላውን መሪ ጎርደን ሙርን ጠየቀው፦ እኛ ተባርረን አዲስ ሰው ቢመጣ ምን ያደርጋል? ሙር፣ ከሜሞሪ ይወጣል አለው። ታዲያ ለምን እኛው ራሳችን ወጥተን ተመልሰን ገብተን አናደርገውም አለ ግሮቭ። አደረጉት።

ይህ የትልቅ ድርጅት ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኔ የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ነበርኩ። ስመረጥ ከዕቃ ቤቱ ድስትና ወንበር ይጠፋ ነበር። አዲስ ቁልፍ ገዛሁ፣ አንዱን ብቻ፣ ኪሴ ውስጥ አደረግሁት። ጥፋቱ ቆመ። ሁሉም አመሰገነኝ። ቁልፉን ለሦስት ዓመት ከኪሴ አላወጣሁትም።

አንድ የነሐሴ ሌሊት አንዲት የሰፈር እናት ዐረፉ። እኔ ባሕር ዳር ነበርኩ። ስልኬ አምስት ጊዜ ጠርቷል፣ ተኝቻለሁ። ድንኳኑ ዕቃ ቤት ተቆልፎበት ለቀስተኛው ዝናብ ላይ አደረ። ጠዋት ስደርስ የሟቿ ልጅ ጋቢው ውኃ እያንጠባጠበ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ምንም አላለኝም። ምነው አንድ ነገር ባለኝ።

በዚያው ሳምንት ጉባኤ ጠራሁና ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ሌብነቱ ከቆመ ቆይቷል፣ ቁልፉ ሥራውን ጨርሷል አልኩ። አንድ አዛውንት አንስተው አገላበጡትና፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ያኔ አድኖናል» አሉኝ። ከዚያ ሦስት እንዲቀረጽ ተወሰነ። አንዱ እሳቸው ጋ፣ አንዱ ገንዘብ ያዧ ጋ፣ ሦስተኛው የሟቿ ልጅ ጋ ነው።