የተኮላሸ ወንድ ውሻ ለጥበቃ ስልጠና ይሆናል ወይ?

[መክፈቻ፦ ወንድ ጀርመን ሸፐርድ የአሰልጣኙን መከላከያ እጅጌ ነክሶ ሲጎትት]

ሰላም ናችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ውሻ ወዳጆች። ዛሬ የማወራው ብዙ ስለሚያጨቃጭቀን ነገር ነው፣ ወንድ ውሻ ከተኮላሸ በኋላ ለፕሮቴክሽን ስፖርት ይሆናል ወይ የሚለው። አንዱ "በቃ ሙክት ሆነ፣ በልቶ ከመተኛት ውጪ ምንም አይሰራም" ይላል፣ ሌላው ደግሞ ውሻው እንግዳ ነክሶበት "አኮላሹልኝ፣ ይታረምልኝ" ብሎ ሀኪም ጋ ይሄዳል። ሁለቱም ጋ ስህተት አለ፣ የሁለተኛው ግን ሰው የሚያስጎዳ ነው።

ስፖርቱን ለማታውቁት በአጭሩ፣ ድሮ ሹትዝሁንድ ይባል የነበረው፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አይጂፒ የሚባለው ነው። ሦስት ክፍል አለው፣ ሽታ ተከትሎ መፈለግ፣ መታዘዝ፣ ከዛ ጥበቃ፣ እያንዳንዱ 100 ነጥብ። ስለዚ ንክሻው ሲሶው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን "ልቀቅ" ሲባል ወዲያው መልቀቅን ይጨምራል።

[ቅርብ ምስል፦ የውሻው አፍ እጅጌው ላይ]

አሁን እዚህ ጋ አፉን ልብ ብላችሁ እዩት። ጥሩ ውሻ ሲነክስ አፉን ሞልቶ፣ እስከ መንጋጋው ድረስ አስገብቶ ይይዛል፣ ከያዘም በኋላ ዝም ይላል፣ አይኑ የተረጋጋ ነው። ያኛው ግን በፊት ጥርሱ ብቻ ቆንጥጦ ይዞ፣ ቶሎ ቶሎ ቦታ እየቀያየረ፣ ቀጭን ድምፅ እያወጣ የሚያጉረመርመው፣ እሱ ጀግና አይደለም፣ ፈርቷል። የመጀመሪያው ንክሻ የሚመጣው ከማሳደድ ፍላጎት ነው፣ ጆንያ ስታወዛውዙለት ዘሎ እንደሚይዘው ቡችላ ማለት ነው፣ ይሄ ደግሞ ከዘሩና ከአስተዳደጉ እንጂ ከቆለጡ አይመጣም። ማስረጃ ካስፈለገ ሴቶቹን እዩ፣ ቆለጥ የላቸውም ግን በዚሁ ስፖርት እስከ ትልልቅ ውድድር ይደርሳሉ።

ታዲያ ቴስቶስትሮን፣ ማለትም ቆለጡ የሚያመነጨው የወንድነት ሆርሞን፣ ምን ይሰራል? ወንድ የምትፈልግ ሴት ፍለጋ አጥር ዘሎ መጥፋት፣ ያገኘው ግንድና ጎማ ላይ ሁሉ መሽናት፣ ከሌላ ወንድ ጋር መፎካከር፣ እነዚህ ላይ ትልቅ ድርሻ አለው፣ ሲኮላሽም ብዙ ጊዜ የሚቀንሱት እነዚሁ ናቸው። እኛ ከተማ ደግሞ መንገድ ላይ የሚዞሩ ውሾች ስለሚበዙ ልምምድ ሜዳው ላይ አንዲት ሴት ሸንታ ካለፈች ያልተኮላሸው ወንድ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ሽታው ላይ ይቀራል፣ ብትጠሩት አይሰማም። እንዲህ አይነቱ ውሻ ሲኮላሽ ለስልጠና ሊሻሻልም ይችላል። በሌላ በኩል ከወንድነቱ ጋር የሚመጣውን ጡንቻና ድፍረት በተወሰነ ደረጃ የሚያጣ አለ፣ በተለይ በልጅነቱ ከተኮላሸ።

እኔ አጥብቄ የምለው እድሜው ላይ ነው። የወሎ ገበሬ ይሄን ያውቀዋል፣ የእርሻ በሬን ጥጃ ሳለ አያኮላሽም፣ ተጠምዶ ካረሰ፣ ትከሻው ከሞላ በኋላ ነው፣ ተኮላሽቶም ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያርሳል። ውሻም ላይ ምክንያቱ ያው ነው፦ የአጥንት ጫፍ ላይ ያለውን የማደጊያ ቦታ የሚዘጋው የጾታ ሆርሞን ስለሆነ ቶሎ ከተኮላሸ እግሩ ከሚገባው በላይ ይረዝማል፣ መገጣጠሚያው ላይ የሚያርፈው ጫና ይቀየራል። በ2016 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ተመራማሪዎች የ1,170 ጀርመን ሸፐርዶችን የህክምና መዝገብ አይተው ነበር፣ ካልተኮላሹት ወንዶች 7 በመቶው የመገጣጠሚያ ችግር ሲገኝባቸው አንድ አመት ሳይሞላቸው ከተኮላሹት ግን 21 በመቶው ጋ ተገኝቷል፣ በተለይ የጉልበት ጅማት መበጠስ። እንግዲህ በሙሉ ሩጫ መጥቶ ሰው ላይ የሚወረወር ውሻ ጉልበቱ ከተበላሸ ስልጠናው አለቀ ማለት ነው። ለአይጂፒ የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ራሱ ቢያንስ 18 ወር ይጠየቃል፣ ስለዚ ምን አስቸኮላችሁ፣ ሰውነቱ እስኪሞላ፣ እስከ ሁለት አመት ገደማ ጠብቁ።

ወደ ተናካሹ ልመለስ። እንግዳ ላይ የሚዘል ውሻ ብዙ ጊዜ የሚዘለው ከፍርሃት ነው፣ ቀን ሙሉ ሰንሰለት ላይ የዋለ፣ ከቤተሰቡ ውጪ ሰው ያላየ። ማኮላሸት ፍርሃትን አያክምም። እንዲያውም በሺዎች የሚቆጠሩ ባለቤቶችን የጠየቁ ጥናቶች ላይ በልጅነታቸው የተኮላሹት ይበልጥ ድንጉጥ ሆነው ታይተዋል፣ ምክንያቱ ገና ያከራክራል፣ ግን "ይረጋጋል" ብላችሁ ልጆች ባሉበት ግቢ እንዳትለቁት፣ በጣም አደራ። እንደዚህ አይነቱን ውሻ ተኮላሸም አልተኮላሸ ንክሻ አታሰልጥኑት። የምታሰለጥኑትም የእብድ ውሻ ክትባቱን የወሰደ ይሁን፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

[ምስል፦ የእንስሳት ሀኪም ውሻውን ሲመረምር]

አንደኛው ቆለጡ ሆዱ ውስጥ የቀረ ከሆነ፣ ወይ ቆለጡ ላይ እጢ ከወጣ፣ ወይ ፕሮስቴቱ (ሽንት ፊኛው አጠገብ ያለው የወንድ እጢ) አብጦ ካስቸገረው ግን አታመንቱ፣ አስኮላሹት፣ ስፖርቱ ከጤናው አይበልጥም። በቤት ዘዴ እንዳትሞክሩት፣ በማደንዘዣ በሀኪም የሚሰራ ኦፕሬሽን ነው። ከኦፕሬሽኑ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል ሩጫም ጆንያም የለም፣ ቁስሉን እንዳይልስ ተከታተሉት፣ ከዛ ሀኪሙ አይቶ ሲፈቅድ ቀስ ብላችሁ ከመታዘዝ ልምምድ ጀምሩ። አብሽሩ፣ ከዚህ በፊት የተማረው ንክሻ አይጠፋም። ምግቡን ግን ከድሮው ላይ ሩብ ያህሉን ቀንሱለት፣ ምክንያቱም ሰውነቱ የሚያቃጥለው ይቀንሳል፣ የምግብ ፍላጎቱ ደግሞ ይጨምራል። ሙክት ሆነ የሚባለው እኮ ሳህኑ እንደድሮው ሲሞላለት ነው። በየሳምንቱ የጎን አጥንቱን በእጃችሁ ዳብሱት፣ ሳትጫኑ የማይገኝ ከሆነ እየወፈረ ነው፣ ወዲያው ቀንሱለት።