ቶሎ ነይ ለማለት ስንት ቃል አለ?

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ። በቅዳሜ እረፍታችሁ፣ ልጅ ይዛችሁም ከናይት ሽፍት ወጥታችሁም እዚ ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ቃል ነው፣ ስለ ቶሎ።

አሜሪካ በገባሁ በአመቴ ገደማ አንድ ሽማግሌ ቤት ሆም ኬር፣ ማለትም ቤታቸው ሄጄ እሳቸውን መንከባከብ፣ እሰራ ነበር፣ አብዛኞቻችሁ ስራውን ታውቁታላችሁ። ማታ እኔን የምትተካኝ ልጅ አሜሪካዊ ናት፣ አንድ ቀን አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ትንሽ ቀደም ብላ እንድትመጣልኝ ፈልጌ «ፕሊስ ካም ፋስት» ብዬ ቴክስት አደረግኩላት። በልቤ እባክሽ ዛሬ ቶሎ ነይ ነው ያልኩት። ልጅቷ በዛ ዝናብ ስትከንፍ መጣች፣ የጫማዋ ክር እንኳን አልታሰረም፣ በሩን ስትከፍት እጇ ይንቀጠቀጣል፣ «ኢዝ ሂ ብሪዚንግ? ይተነፍሳሉ?» ትለኛለች። እሳቸው ሶፋቸው ላይ ቁጭ ብለው ሾርባቸውን ይጠጣሉ። መንገድ ላይ ብትጋጭ ኖሮስ እያልኩ ያን ለሊት እንቅልፍ በአይኔ አልዞረም።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የኛ ቶሎ ሰፊ ናት። ቶሎ ና ስንል በጊዜ ና ማለትም ነው፣ ሳትቆይ ተመለስ ማለትም ነው፣ ሮጠህ ድረስልኝ ማለትም ነው፣ የቱ እንደሆነ ከድምፃችን ይታወቃል። እንግሊዝኛ ግን ይከፋፍለዋል። ኧርሊ ከሰአቱ በፊት ነው፣ ሱን ብዙ ሳይቆይ ነው፣ ፋስት የእግር ወይ የመኪና ፍጥነት ነው፣ ክዊክ ደግሞ ነገሩ ራሱ አጭር ሲሆን ነው፣ ለዛ ነው አንዴ ልጠይቅህ ለማለት ክዊክ ክዌስችን የሚሉት እንጂ ፋስት ክዌስችን የማይሉት። እኔ መፃፍ የነበረብኝ «ካን ዩ ካም ኤ ሊትል ኧርሊ?» ነበር፣ በቃ። ሃሪ አፕን፣ ፍጠን የሚለውን ማለቴ ነው፣ ለልጆቻችሁ አስቀሩት፣ ለአለቃም ለታማሚም ቁጣ ነው የሚመስለው።

ፋስት ደግሞ ድሮ ጭራሽ ፍጥነት አልነበረም። የጠበቀ፣ የማይነቃነቅ ማለት ነበር፣ ዛሬም እንቅልፍ ጥፍር አድርጎ የያዘውን ሰው ፋስት አስሊፕ ይሉታል፣ አውሮፕላን ላይ ቀበቶ እሰሩ ሲሏችሁም ፋስን የሚሏችሁ ከዛ ነው። ፆምም ፋስት ነው አይደል? እሱም ከዛው ከመያዝ ከመፅናት የመጣ ነው፣ እኛስ ፆም ያዝኩ አይደል እንዴ የምንለው! ብሬክፋስት ማለት እንግዲህ ፆም መግደፊያ ነው። ክዊክም ህያው ማለት ነበር። በ1611 የታተመው የእንግሊዞች መፅሐፍ ቅዱስ እኛ ህያዋንና ሙታን የምንለውን «ዘ ክዊክ ኤንድ ዘ ዴድ» ይለዋል፣ ጥፍር ስር ያለው ሲነካ ነፍስ የሚያወጣው ስጋ እስከዛሬ ክዊክ ነው ስሙ። ይሄን ካወቅኩ በኋላ ሁለቱን አምታትቻቸው አላውቅም።

ሹፌሮች፣ ተሳፋሪ «ስቴፕ ኦን ኢት» ካላችሁ እኛ ርገጠው የምንለው ነው፣ ነዳጁን ማለቱ ነው። መጋዘን የምትሰሩ «ፒክ አፕ ዘ ፔስ» ትሰማላችሁ፣ ፔስ እርምጃ ነው፣ እርምጃችሁን ፈጠን አድርጉት ነው የሚሏችሁ። ሩጫ ላይ ግን ይሄን ከኛ በላይ ማን ያውቃል? ዙሩ ከረረ የምንለውን እስከዛሬ ለፈረንጅ ባንድ ቃል መተርጎም አልቻልኩም፣ እኔ የሚታየኝ የተወጠረ ክር ነው፣ ትንሽ ቢጨመርበት የሚበጠስ። ምሩፅ ይፍጠርን አስቡት፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ 5 ሺውንም 10 ሺውንም ወርቅ ሲያደርገው፣ ከተፎካካሪዎቹ ጋር ሲሮጥ ሲሮጥ ቆይቶ 300 ሜትር ገደማ ሲቀረው ድንገት ይለቀዋል፣ ከዛ በኋላ ማንም አይደርስበትም። እኛ ማርሽ ቀያሪው አልነው፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም «ይፍተር ዘ ሺፍተር» አሉት፣ እሱም ያው ማርሽ ቀያሪው ነው።

ስፒድ ቀርቶብኛል። እሱም ጥንት ፍጥነት ሳይሆን መሳካት፣ መቅናት ማለት ነበር። መንገደኛ ሲሸኙ «ጎድስፒድ» የሚሉት ፈጥነህ ንዳ ለማለት አይደለም፣ እግዜር ያቅናህ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ሽፍት ያላችሁም ሰኞ ስራ የምትጀምሩም፣ ጎድስፒድ፣ ይቅናችሁ።