መጀመሪያ ችካሉ፦ የሰራውንድ ስፒከሮች የት ይቀመጡ?

[ምስል፦ ባዶ ክፍል፣ መሐል ላይ አንድ ወንበር። አንድ እጅ ወንበሩ ላይ ሲባጎ ያስራል።]

እንደምን ከረማችሁ! ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ስቱዲዮዬ ነው የማወራችሁ። ስቱዲዮ ስላችሁ አንድ ክፍል ናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ወለሏ ጣውላ። አምስት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር፣ ማለትም የወፍራም ድምፅ (የቤዝ) ስፒከር፣ አለኝ፤ አምስት ነጥብ አንድ የሚባለው ነው። ሰራውንድ ማለት ድምፁ ከፊት ብቻ ሳይሆን ዙሪያችሁን እንዲከብባችሁ ማድረግ ነው። የዛሬው ጥያቄ የት የት ይቀመጡ ነው።

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። አራቱን ስፒከር በአራቱ ማዕዘን ወሸቅኳቸው። አምስተኛው ከስክሪኑ ሥር ገባ። ለዓይን ያምር ነበር። ከዚያ ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ የቀዳሁትን ድምፅ ሚክስ አደረግኩ። ዝማሬው ከፊት፣ የሕዝቡ እልልታ ከኋላ። ሥራውን ሌላ ቦታ ወስጄ ስከፍተው እልልታው የለም! ለካ እኔ ቤት የኋላዎቹ ስፒከሮች ጆሮዬ ሥር ነበሩ። ሲጮሁብኝ ጊዜ ድምፃቸውን ቀንሼዋለሁ።

ጎረቤቴ አናጺ ናቸው፤ አያ ነው የምላቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁብኝ። «ጎጆ ሲሠራ አላየህም እንዴ ልጄ? መሐሉ ላይ ችካል ይተከላል፣ ገመድ ይታሰራል፣ ዞረህ ታሰምራለህ። አንተ እኮ ከግድግዳው ነው የጀመርከው።»

[ምስል፦ ከላይ የተነሳ። በሲባጎ ጫፍ የታሰረ ጠመኔ ወለሉ ላይ ክብ ያሰምራል።]

የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው። ቢኤስ 775 ይባላል፤ እንደ አውሮፓውያኑ በ1992 የወጣ ነው። ችካሉ የእናንተ ወንበር ነው። አምስቱም ስፒከሮች ከወንበሩ እኩል ርቀት ላይ፣ በአንድ ክብ ዙሪያ ይቆማሉ።

ሲባጎውን 2 ሜትር እናድርገው። መሐለኛው ስፒከር ፊት ለፊት፣ 0 ዲግሪ ላይ ነው። ግራና ቀኙ ከእሱ 30፣ 30 ዲግሪ ይርቃሉ። ፕሮትራክተር አያስፈልግም። በግራና በቀኙ መካከል ያለው ርቀት ልክ ከወንበሩ እስከ እነሱ ያለውን ያህል፣ 2 ሜትር ከሆነ፣ 30 ዲግሪው ራሱ ይመጣል። ሦስት እኩል ጎን ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚስትባት ነገር። ሦስቱን የፊት ስፒከሮች በአንድ ቀጥታ መስመር ከደረደራችሁ፣ መሐለኛው ከሌሎቹ 27 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ እናንተ ቀርቧል ማለት ነው። ድምፅ በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይጓዛል። ስለዚህ የመሐለኛው ድምፅ 0.8 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቀድማል። ትንሽ ትመስላለች፤ ጆሮ ግን ያውቃታል። ወደ ኋላ ግፉት። ቦታ ከሌለ ያንኑ ያህል ዲሌይ ስጡት፤ ድምፁን አዘግዩት ማለት ነው።

[ምስል፦ ከወንበሩ ጎን ሜትር ተዘርግቶ ይታያል።]

የሰራውንዶቹ፣ የቀሩት የሁለቱ ስፒከሮች፣ ቦታ በግራና በቀኝ 110 ዲግሪ ነው። ከ100 እስከ 120 ይፈቀዳል። በሜትር እናድርገው፦ ከጆሯችሁ ወደ ጎን 1 ሜትር ከ88፣ ከዚያ ወደ ኋላ 68 ሳንቲ ሜትር። አያችሁ፣ ከጀርባችሁ አይደለም፤ ከጎን ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። «ሰራውንድ» ሲባል ሁላችንም ከወንበሩ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። እኔም ሰቅዬ ነበር።

ይህ አቀማመጥ ግን ጉድለት አለው። ከፊተኛው ስፒከር እስከ ሰራውንዱ 80 ዲግሪ ባዶ ነው። ጆሯችን ደግሞ በጎን በኩል፣ በሁለት ስፒከሮች መካከል የተሠራ ድምፅን አጥርቶ አይዝም። ከበሮውን እዚያ ክፍተት ውስጥ ላስቀምጠው ብዬ ግማሽ ቀን ፈጀሁ። አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ይሸሻል። አሁን ከበሮና ጸናጽል ከፊት ነው የማስቀምጠው። ከጎንና ከኋላ እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ልጆቹ ሲዘሉ የሚረጨው ውኃ። እነዚህ ከየት መጡ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ መክበባቸው ይበቃል።

ሰባት ነጥብ አንድ (ሰባት ስፒከርና አንድ ሰብውፈር) ያላችሁ፣ አራቱን ሰራውንዶች እንዲህ አድርጉ፦ ሁለቱ ከ90 እስከ 110፣ ሁለቱ ከ135 እስከ 150 ዲግሪ። ሌላው ያው ነው።

ከፍታ? የፊቶቹ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ልክ ይሁኑ፤ ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ገደማ። ሰራውንዶቹ ትንሽ ከፍ ቢሉ አይከፋም።

[ምስል፦ ሰብውፈሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።]

አትሳቁ፣ ተሳስቼ አይደለም። «ነጥብ አንድ» የሚባለው፣ ሰብውፈሩ የሚያሰማው ቻናል (የድምፅ መስመር) እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ ስለሚይዝ ነው እንደ ሙሉ ቻናል ያልተቆጠረው። ለሰብውፈር ደግሞ ዲግሪ አይቆረጥለትም፤ የሚወስነው ክፍሉ ነው። ሰብውፈሩን ወንበሩ ላይ አድርጉና ቤዝ ያለው ነገር ክፈቱ። ከዚያ በእንብርክካችሁ ግድግዳ ግድግዳውን ዙሩ። ቤዙ ሳይጮህም ሳይጠፋም እኩል የተሰማበት ቦታ፣ የሰብውፈሩ ቦታ እሱ ነው። በሩን ግን ዝጉ። እኔን የጎረቤት ልጆች አይተውኝ እስካሁን ይስቁብኛል።

የቀረው ድምፁን ማመጣጠን ነው። ፒንክ ኖይዝ (እንደ ፏፏቴ የሚሻሻ የመለኪያ ድምፅ) ክፈቱ፤ ወንበሩ ላይ ሆናችሁ አንድ በአንድ ለኩ። የፊልም ሚክስ በሚሠራባቸው ትልልቅ አዳራሾች ለእያንዳንዱ የፊት ስፒከር 85 ዲሲቤል ነው የተለመደው። የእኔን በምታህል ክፍል ይህ ጆሮ ይበላል፤ ወደ 79 አውርዱት፣ ከዚያም በታች ይሆናል። የስልክ መለኪያ ቁጥሩን በትክክል ላይነግራችሁ ይችላል። አምስቱ እኩል መሆን አለመሆናቸውን ግን ያሳያችኋል። ዝናብ ሲዘንብ አትለኩ፤ ቆርቆሮው ከሁሉም ይበልጣል።

[ምስል፦ ወለሉ ላይ አምስት የቴፕ ምልክቶች።]

ሲባጎውን ፍቱት። ጠመኔው ስለሚጠፋ የስፒከሮቹን ቦታ በቴፕ ምልክት አድርጉበት፤ ለቤተሰብም ተናገሩ። የእኔን እናቴ ለበዓል ቤት ስታጸዳ አንድ በአንድ ልጣ፣ ጠቅልላ «ይኸውልህ ቆሻሻህ» ብላ ሰጥታኛለች።