አውራንጋባድ ስትደርሱ ውሃውን ተከተሉ
ለትምህርት ወደ ህንድ ለሚሄዱ ተማሪዎች በተዘጋጀ የሽኝት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆችና እንግዶች፣ ውድ ተማሪዎች፣

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቪዛው፣ ስለ ዶርሙ፣ ስለ ምግቡ ከእኔ በፊት የተናገሩት በቂ ምክር ሰጥተዋችኋል። እኔ የመጣሁት የመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜያችሁ ሲደርስ የት እንድትሄዱ እንደምፈልግ ልነግራችሁ ነው። ሁሉም ሰው አግራ ሄዳችሁ ታጅ ማሃልን እዩ ይላችኋል። እዩት፣ የሚታይ ነው። እኔ ግን ከዚያ በፊት አውራንጋባድ እንድትሄዱ እለምናችኋለሁ። ከሙምባይ በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ከ2023 ወዲህ በመንግሥት መዝገብ ስሟ ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ስለሆነ ትኬት ስትቆርጡ ሁለቱንም ስሞች ያዙ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህችን ከተማ የቆረቆራት በልጅነቱ ከዚህ ከእኛ ምድር ተሸጦ የሄደ፣ ኋላ ማሊክ አምባር የተባለ ሰው ነው።

የተወለደው በ1548 ገደማ ነው። ቻፑ ይባል ነበር። ከየትኛው ወገን እንደሆነ ብዙ ሰው ይከራከርበታል፤ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ ሲሸጥ ማን ለወገንነቱ እንደቆመለት የሚነግረን የለምና። ባሕር ተሻግሮ የየመን ወደብ ሞካ ደረሰ፣ ከዚያም ባግዳድ። በባግዳድ የገዛው ነጋዴ ማንበብና መጻፍ አስተማረው፤ አምባር የሚል ስምም አወጣለት። ቀጥሎ ወደ ደካን፣ ወደ ደቡባዊ ህንድ አምባ ምድር ተወሰደና ቼንጊዝ ካን ለተባለ የአህመድናጋር መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትር ተሸጠ። ይህ ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ እንደ እሱ ተሸጦ የመጣ ሐበሻ ነበር። ጌታው ሲሞት አምባር ነጻ ወጣ፣ ወታደር ሆነ፣ ከሥሩ ሰው እየበዛ ሄደ፣ ማሊክ የሚለውን ማዕረግም አገኘ።

በ1600 ሰሜን ህንድን ይገዙ የነበሩት የሙጋሎች ጦር አህመድናጋርን ያዘ። መንግሥቱ አለቀለት ሲባል ማሊክ አምባር ከንጉሡ ዘር አንድ ወጣት ፈልጎ አነገሠ፣ ልጁን ዳረለት፣ ራሱ እንደራሴ ሆነ። እስከሞተበት እስከ 1626 ድረስ የዚያን ዘመን ትልቁን የህንድ ኃይል ሲገትር ኖረ። የተሸነፈበት ጊዜም ነበር። አዲሲቱ ከተማው በ1616 በሙጋሎች እጅ ወድቃ ተዘርፋለች። ግን ይነሣል። በ1624 ባትቫዲ ላይ የሐይቅ ግድብ አፍርሶ የጠላትን መንገድ ጭቃ አደረገውና ሁለት መንግሥታት ያሰለፉትን ጦር አሸነፈ። ከጎኑ ከተሰለፉት፣ ማራታ የሚባለው የደካን ሕዝብ የጦር አለቆች አንዱ ሻሃጂ ሲሆን፣ ኋላ የማራታን መንግሥት የመሠረተው የሺቫጂ አባት ነው። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በአምባር ምን ያህል እንደተንገበገበ ለማወቅ ከፈለጋችሁ በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ በአቡል ሐሰን የተሣለውን ሥዕል ፈልጋችሁ ተመልከቱ። ጃሃንጊር በጦር ጫፍ ላይ የተሰካ የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ ያሳያል። ሥዕሉ ሲሣል አምባር በሕይወት ነበረ። ጃሃንጊር ያን ራስ አንድም ቀን በእጁ አላስገባውም።

አሁን ወደ ጉብኝቱ ልግባ።

ከዳውላታባድ ምሽግ ጀምሩ። ከከተማው ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አምባ ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ግሼንን ወይም አምባላጌን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከሜዳው 200 ሜትር ያህል ብቻውን ቀጥ ብሎ የቆመ ተራራ ነው። የሚለየው ገደሉ የሰው እጅ ሥራ መሆኑ ነው። የተራራውን ግርጌ ዙሪያውን ጠርበው እንደ ግድግዳ አቅንተውታል፤ ከሥሩ ጥልቅ ቦይ ቆፍረው ውሃ ሞልተውበታል። መጀመሪያ የያዳቫ ነገሥታት ዋና ከተማ ነበር፤ ያኔ ዴቫጊሪ ይሉታል። በ1327 የዴልሂው ሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ዋና ከተማዬ እዚህ ይሁን ብሎ የዴልሂን ሹማምንትና ሊቃውንት ያን ሁሉ መንገድ አስኬዳቸው። ብዙ ዓመት ሳይቆይ መልሶ ወሰዳቸው። ለዚያ ሕዝብ እንግልት አሁንም ያዝናል ሰው።

ስትገቡ በሮቹን ልብ በሉ። ዝሆን በግንባሩ እንዳይገፋቸው በብረት ሹል የተሞሉ ናቸው፤ በሮቹ ፊት ለፊት ስለማይገጣጠሙም ዝሆኑ መንደርደሪያ አያገኝም። ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝመውን፣ ቻንድ ሚናር የሚባለውን ግንብ ታያላችሁ፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ከፍ ስትሉ ቺኒ ማሃል የሚባል፣ የሰማያዊ ሸክላ ጌጡ ቅሪት አሁንም የሚታይበት ሕንፃ አለ። የጎልኮንዳ የመጨረሻው ንጉሥ አቡል ሐሰን በ1687 መንግሥቱን አጥቶ ሲማረክ እዚያ ታስሮ ኖረ፤ እዚያው ሞተ። ቤተ መንግሥት የሚመስል እስር ቤት ነው። እኔ እዚያ ቶሎ አላልፍም፣ እናንተም አትለፉ።

ድልድዩን ስትሻገሩ አንዴሪ ትገባላችሁ። በዓለቱ ሆድ የተፈለፈለ፣ የሚጠማዘዝ የጨለማ መንገድ ነው፤ ወደ ላይ የሚወስድ ሌላ መውጫ አልነበረም። የገባ ጠላት ጓደኛውን ከጠላቱ መለየት ያቅተዋል። የላይኛው አፉ በብረት ክዳን ይዘጋል፤ ክዳኑ ላይ እሳት ሲነድ ዋሻው በጭስ ይሞላል። ዛሬ የሚኖሩበት የሌሊት ወፎች ናቸው፤ ባትሪ ያዙ። ከዚያ በኋላ ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበት ይፈትናል። ወደ ጫፉ ስትቃረቡ ለሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ለሻህ ጃሃን የተሠራችውን ባራዳሪ፣ ማለትም ብዙ በር ያላትን ማረፊያ ቤት ታገኛላችሁ፤ እዚያ ቆማችሁ ወደ ታች ስትመለከቱ ከሁሉም ውጭ፣ ሜዳው ላይ የሚሄደውን የመጨረሻውን ቅጥር ፈልጉ። አምባርኮት ይባላል፤ አሠራው የሚባለው ማሊክ አምባር ነው።

ስትወርዱ ደግሞ ሐቲ ሐውድ የሚሉትን የውሃ ማጠራቀሚያ እዩት። ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። ያን ሁሉ ገደልና ዋሻ ያለዚህ ውሃ የትኛውም ጦር አንድ ወር አይቆይበትም።

ከተማው ውስጥ የምነግራችሁም ይኸው ውሃ ነው። አምባር በ1610 ኺድኪ የምትባል መንደር ላይ ከተማ ሲቆረቁር ቦታው ደረቅ ነበር። ከሰሜን ካሉት ኮረብታዎች ሥር የሚሰርገውን ውሃ በምድር ውስጥ ቦይ ሰብስቦ፣ በሸክላ ቧንቧና በግንብ መተላለፊያ፣ ያለ ምንም መሣሪያ በቁልቁለት ብቻ እየነዳ ወደ ሰፈሮቹ አስገባው። ነህረ አምባሪ ይሉታል። ያዩት መኳንንት አይሆንም ብለው ሳቁበት የሚል ወሬ አለ፤ ሳቁም አልሳቁም ውሃው መጣ፤ ከተማዋን ለዘመናት አጠጣት። ከእሱ በኋላ የመጡትም ስልቱን ተከትለው ሌሎች ቦዮች ሠሩ። ፓንቻኪ የምትባለው የውሃ ወፍጮ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት፤ ከሩቅ ምንጭ በመሬት ሥር የመጣ ውሃ ከፍ ካለ ግንብ ላይ ወርዶ ድንጋዩን ያዞር ነበር፤ ዱቄቱ ለነዳያንና ለመንገደኞች ነበር።

እስቲ አስቡት። ዛሬ የዚያች ከተማ ሕዝብ የቧንቧ ውሃ በየቀኑ አያገኝም፤ ወረፋ ይጠብቃል። የአምባር ቦይ ደግሞ ግማሹ በደለል ተደፍኗል፣ ግማሹ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። ይህን ሳስብ ያመኛል። በ1616 ያሠራው የናውካንዳ ቤተ መንግሥትም ፍርስራሽ ሆኗል፤ ሄዳችሁ ብታዩት ብዙ የሚታይ የለውም፤ ቢሆንም ሂዱ። ብሃድካል በር ግን ሙሉ ነው። በ1612 ሙጋሎችን ያሸነፈበት መታሰቢያ ነው፤ በከተማዋ ካሉት የጥንት በሮች ትልቁ እሱ ነው። መኪናና ባጃጅ በዙሪያው ይተራመሳል። ረጋ ብላችሁ ዙሩት።

ቢቢ ካ መቅባራን ሳታዩ እንዳትመለሱ ይሏችኋል። የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ለሚስቱ ለዲልራስ ባኑ በ1660 አካባቢ ያቆመላት መቃብር ነው፤ ታጅ ማሃልን ይመስላል፤ ቆንጆ ነው። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ከዳውላታባድ አልፎ ኩልዳባድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አምባርን የምታገኙት እዚያ ነው፤ ጉልላት ባለው፣ ጠንካራ ድንጋይ ቤት ውስጥ። ባለቤቱ ቢቢ ካሪማም አጠገቡ አርፋለች። በዚያችው በኩልዳባድ፣ የአምባርን ከተማ በራሱ ስም አውራንጋባድ ያሰኛት ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ ጣሪያ በሌለው ተራ መቃብር ውስጥ ተኝቷል፤ እንዲያ ይሁንልኝ ብሎ የተናዘዘው ራሱ ነው። አብዛኛው ሰው ወደ አውራንግዜብ ይሄዳል። የአምባርን መቃብር የሚጠይቅ ስለሚያንስ ባለባጃጁ ላያውቀው ይችላል፤ ታግሣችሁ አስረዱት።

ልጆቼ፣ እዚያ ስትቆሙ ኩራት ይሰማችኋል። ይሰማችሁ። ግን እሱ በኖረበት ዘመን ከዚህ በሰንሰለት ተነድተው ስማቸው የትም ያልተጻፈ ብዙ ልጆች ነበሩ። ለአንዱ ስንኮራ የቀሩትን እንዳንረሳቸው አደራ እላለሁ።

ሌላው ጥያቄዬ ለሥራችሁ የሚጠቅም ነው። ከእናንተ መካከል የውሃ ምህንድስና የምታጠኑ አላችሁ። የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ስትመርጡ ነህረ አምባሪን አስቡት፤ ቁልቁለቱን ለኩት፣ ቧንቧውን ሣሉት፣ የት እንደሚያልፍ በካርታ አስቀምጡት። አርክቴክቶች ብሃድካል በርን ለኩ። ታሪክ የምታጠኑ ፋርስኛ ተማሩ፤ ስለ እሱ የጻፉት የሙጋል ጸሐፊዎች ጠላቶቹ ሆነው ሳለ በጦርና በአመራር አቻ እንዳልነበረው መስክረዋል፤ ያን በቀጥታ ከምንጩ አንብባችሁ በአማርኛ ጻፉልን።

ለጉብኝቱ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ይመቻል፤ ሚያዝያ ላይ ድንጋዩ ያቃጥላል። ዳውላታባድን በማለዳ ጀምሩት፤ የማያንሸራትት ጫማ አድርጉ፤ የሚጠጣ ውሃ ከታች ይዛችሁ ውጡ።

መልካም ጉዞ። አመሰግናለሁ።