«ምናልባት»ን ማን አወጣት?

ቅዳሜ ከድሬ ስቱዲዮ መሪዎች ጦርነት ለመጀመር ስለሚናገሩት ውሸት ስልክ ስንቀበል ሰዓት አልቆብን ያቋረጥናችሁ ነበራችሁ። ይቅርታ፣ እዚህ ልመልስ። የውጭ አገሮቹ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከከዚራ፦ አቦ፣ አሜሪካና እንግሊዝ በ2003 ኢራቅ ጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ብለው ወረሩ፣ አልተገኘም። ለመሆኑ ማን ታሰረ?

በዚህ የታሰረ መሪ የለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ በ2004፣ የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ብሌር በ2005 ጭራሽ እንደገና ተመረጡ። እንግሊዞች በ2009 ጆን ቺልኮት በሚባል ሰው የሚመራ የኢራቅ ጦርነት አጣሪ ቡድን አቋቋሙ፤ ሰባት ዓመት ፈጅቶ 12 ጥራዝ፣ 2.6 ሚሊዮን ቃል ሪፖርት አወጣ (ማን ያነበዋል አትበሉኝ)። ግን ፍርድ ቤት አልነበረም፣ ማሰር አይችልም። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤትም በወረራ ወንጀል ላይ ሥልጣን ያገኘው በ2018 ነው፤ ወደ ኋላ ሄዶ 2003ን አይነካም።

ከሐረር ሸዋ በር፦ ተሳስተው ቢሆንስ? ውሸት መሆኑን በምን ትለያለህ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከምንም ተነስቶ የሚፈጥር ፖለቲከኛ ጥቂት ነው። አብዛኛው «ምናልባት» የምትለዋን ቃል ያወጣታል፣ በቃ። የስለላ ሰዎቹ «ሊሆን ይችላል»፣ «መረጃው ውስን ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ ወረቀቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ጥርጣሬው እየተራገፈ ይሄዳል። ብሌር በ2002 መንግሥቱ ስለ ኢራቅ መሣሪያ ባወጣው ሰነድ መቅድም ላይ የኢራቁ መሪ ሳዳም መሣሪያ ማምረቱን እንደቀጠለ «ያለ ጥርጥር» ተረጋግጧል ብሎ ጻፈ። ቺልኮት ዋናዎቹን ወረቀቶች ሲያገላብጥ ያን ያህል እርግጠኝነት የለም። የአሜሪካው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ፓውል ደግሞ በ2003 ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ትንሽ ብልቃጥ በጣቶቹ ይዞ ብድግ አደረገ። ውስጡ አንትራክስ የሚባለው ገዳይ ተህዋስ አልነበረም፣ ማሳያ ነው። ሰው ግን ብልቃጧን አየ። እኔ የምለየው እንዲህ ነው፦ ወረቀቱም ሰውዬውም ከተሳሳቱ ስህተት ነው፤ ወረቀቱ እየተጠራጠረ ሰውዬው ከማለ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሳቢያን፦ የፈረንጅ ጉዳይ ለእኛ ምናችን ነው?

ወልወል እኮ እዚሁ ኦጋዴን ነው! በኅዳር 1927 ዓ.ም. በእኛና በጣሊያን ጦር መካከል ግጭት ተነሳ፤ ሙሶሊኒ ተበደልኩ ብሎ ይቅርታና ካሣ ጠየቀ። ሽምግልናው በነሐሴ ሁለቱም ወገን ጥፋተኛ አይደለም አለ። በመስከረም ግን የሙሶሊኒ ጦር መረብን ተሻግሮ ወረረን።

ከመጋላ፦ ታዲያ ምን ይደረግ?

ለጦርነት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ዋናውን የስለላ ወረቀት መጠየቅ። በ1964 የአሜሪካ መርከቦች በቬትናም አጠገብ ባለው የቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠቁ ተባለ፤ ያ ሁለተኛው ጥቃት አልነበረም። ፕሬዚዳንቱ በቬትናም ጦር እንዲጠቀም የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ0፣ ሴኔቱ 88 ለ2 አጸደቀ። እምቢ ያሉት ሁለቱ ሴናተሮች በ1968 ወንበራቸውን አጡ።