ለሀገር ውስጥ ነዳጅ ዋጋ የሚጨምር ደንበኛ አለን፤ ውኃ የሚገዛ ግን የለንም
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

ክቡራን እንግዶቻችን፣ የተከበራችሁ የኢታኖል፣ ማለትም ለምድጃ ነዳጅ የሚሆን አልኮል፣ ሻጮች ማኅበራችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። አዳራሹን ለፈቀዱልን፣ ሻይ ቡናውን ላሰናዱልን ምስጋናዬ ይድረስ። የዓመቱ ሥራ በእጃችሁ ባለው ሪፖርት ላይ አለ፤ የተበላሹ የምድጃ ነዳጅ መያዣ ጣሳዎች ታድሰዋል፣ አዲስ መሸጫ ተከፍቷል፣ ቸርቻሪዎች ስለ እሳት አደጋ ሠልጥነዋል። በሥልጠናው በእውነት እኮራለሁ። የኢታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን እንደማይታይ፣ ምድጃው ሳይጠፋና ሳይበርድ ነዳጅ እንደማይጨመር ዛሬ ቸርቻሪው ራሱ ለገዢው ይነግራል።

ዓመቱን ሙሉ ያወዛገበን ግን ዋጋ ነው። «ሰው የሀገር ውስጥ ነዳጅ ነው ብሎ ሳንቲም አይጨምርም» የሚሉ አባላት አሉ። አልቀበለውም። ገበያ ውጡና እዩ፤ የሐበሻ እንቁላል መጠኑ እያነሰ ከፈረንጁ በላይ ይሸጣል፤ ገዢው ልዩነቱን በምላሱ ያውቀዋላ! የእኛ ኢታኖል እዚሁ ፊንጫና መተሐራ የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት ከሆነው ሞላሰስ ይወጣል፤ ነጭ ጋዝ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ ከጅቡቲ በቦቴ ይጫናል። ይህን የሚረዳ፣ ድስቱ ጥቀርሻ እንዳይዝ የሚፈልግ ደንበኛ ዋጋ ይጨምራል።

ቤንዚን ላይ ነገሩ ሌላ ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ሲቀላቀል ባለመኪናውን የጠየቀው አልነበረም፤ ዋጋውንም የሚተምነው መንግሥት ነበር። የወጥ ቤት ነዳጅ ግን በየሳምንቱ ይመረጣል። እናት ካልተስማማት በማግስቱ ወደ ከሰል ትመለሳለች።

ደግሞ አስቡት፤ አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ 35 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ሲይዝ፣ ባለ 96 በመቶ ኢታኖል የሚይዘው 20 ገደማ ነው። ደንበኛችን ከጅምሩ ብዙ ሊትር ነው የሚገዛው። በዚህ ላይ ሻጭ በአንድ ሊትር 150 ሚሊ ሊትር ውኃ ቢጨምርበት ጥንካሬው ወደ 85 በመቶ ይወርዳል፤ ገዢው ከከፈለበት ሙቀት ከአሥር እጅ አንዱ በላይ ጠፋ ማለት ነው። እኛ የጠየቅነውን ጭማሪ ውኃው በላው!

ነጭ ጋዝ ውስጥ የገባ ውኃ ከታች ስለሚዘቅጥ ይታያል። ኢታኖል ውስጥ ሲገባ ግን ፈጽሞ ስለሚዋሐድ ዓይን አይለየውም። ምድጃ ላይ ኢታኖሉ ቀድሞ ተንኖ ሲነድ ውኃው በጣሳው ውስጥ ነዳጁን መጥጦ በሚይዘው ቃጫ ላይ ይቀራል። ደንበኛዋ ደጋግማ ስትሞላ ነበልባሉ ይደክማል። «ምድጃው ተበላሸ» ብላ ታመጣዋለች፣ ባለሙያው ጣሳውን ይቀይራል፣ ጥፋቱ ግን ያለው ጀሪካኑ ውስጥ ነው። ሁሉም በተንኮል አይደለም፤ ክዳኑ የላላ ጀሪካንም ኢታኖሉ እየተነነ፣ እርጥበት እየሳበ ይደክማል። ለደንበኛዋ ግን ያው ነው።

መፍትሔው ሃይድሮሜትር፣ ማለትም ፈሳሹ ላይ ተንሳፍፎ የኢታኖሉን ጥንካሬ የሚያሳይ መለኪያ ነው። ናሙናውን በረጅም ብርጭቆ ቀድቶ፣ አረፋው እስኪጠፋ ጠብቆ፣ በገዢው ፊት ማንበብ። መለኪያው የተሠራው ለ20 ዲግሪ ስለሆነ ቴርሞሜትርና የማስተካከያ ሠንጠረዥ አብረው ይኑሩ፤ ፈሳሹ ሲሞቅ ንባቡ ከእውነቱ በላይ ይወጣልና።

ለዚህ መግዣ መዋጮ ስንጠይቅ «ደንበኛ መቼ ጠይቆን ያውቃል» ያሉን አባላት ዛሬም ወንበራቸው ባዶ ነው። ቃለ ጉባኤው ይደርሳቸዋልና ለእነሱ እናገራለሁ። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ደንበኛ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ይቀራል። የሚቀረው ደግሞ ከእናንተ ሱቅ ብቻ ሳይሆን ከሁላችንም ነው። እባካችሁ መዋጮውን ክፈሉ፤ መክፈል ያቃተው ካለ ይንገረን፣ ማኅበሩ በዱቤ ይገዛለታል።

ከሰዓት በኋላ ለድምፅ የሚቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ በ20 ዲግሪ ከ94 በመቶ በታች ያነበበ ጀሪካን አይሸጥም፤ ያለ መለኪያ የሚሸጥ አባል በማኅበሩ ስም ጭማሪ ዋጋ አይጠይቅም። መለኪያው እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለ። ናሙና የያዛችሁ በሻይ ሰዓት አስለኩ። ጉባኤው በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ።