ቁጥር 15 ማን ናቸው? የቤተሰብ ታሪክን በእድር አዳራሽ መማር

(ምስል፦ የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፤ ባጃጆች በፊቱ ያልፋሉ)

ተራኪ፦ ጤና ይስጥልኝ። የድሬዳዋን ልጅ «ቤተሰቦችህ እንዴት ነው ድሬ የገቡት?» ብለው ቢጠይቁት፣ መልሱ ብዙ ጊዜ «በምድር ባቡር» ነው። እውነትም የጅቡቲው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው ያኔ ነው። ግን በባቡሩ የመጣው ማን ነው? አያትየው ብቻቸውን ነው የመጡት? እዚህ ያገቧቸው ሴትስ የማን ልጅ ነበሩ? ጥያቄው እዚህ ሲደርስ አብዛኞቻችን መልስ የለንም።

(ምስል፦ ነጭ ወረቀት ላይ ሳጥኖች ይሳላሉ፤ ቁጥሮች ይገባሉ)

በውጭ አገር የቤተሰብ ታሪክ ማኅበራት አሉ። የቦስተኑ በ1845 እ.ኤ.አ.፣ የለንደኑ በ1911 እ.ኤ.አ. የተቋቋሙ ናቸው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት አውደ ጥናት አዘጋጅተው ጀማሪውን ያስተምራሉ። ከሚያስተምሯቸው ነገሮች አንዱ ይህ የቁጥር ወረቀት ነው። እርስዎ 1 ነዎት። አባትዎ 2፣ እናትዎ 3። የማንም ሰው አባት የዚያ ሰው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ ደግሞ እጥፉ ላይ አንድ ሲጨመር። ስለዚህ የአባትዎ አባት 4፣ የእናትዎ እናት 7 ይሆናሉ። እስከ ቅድመ አያት 15 ሳጥን ነው፤ ከዚያ በላይ አንድ ትውልድ ሲጨመር 31።

ወረቀቱን ስንሞላ 2፣ 4 እና 8 ቶሎ ይገኛሉ። በእኛ አገር የሰው ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ስለሚጠራ ግማሹ ሥራ ተሠርቶ ነው የሚጠብቀን። ሶማሌ ጎረቤቶቻችንማ አብቲርሲ (የዘር ሐረጋቸውን) ሲቆጥሩ በአባት በኩል ከአሥር ትውልድ በላይ ይዘልቃሉ። ቁጥር 15 ላይ ግን እጅ ይቆማል። 15 የእናትዎ እናት እናት ናቸው። ስማቸውን ያውቃሉ? እኔ የቤተሰብ ታሪክ ፍለጋ ከዚህች ሳጥን ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ የአባት ወገን በስማችን ውስጥ ስላለ ትንሽ ይቆየናል።

(ምስል፦ የእድር አዳራሽ፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ መዝገብ)

እንዲህ ያለ ትምህርት ለመጀመር አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም። እድር አለን፤ ሐረር ደግሞ እንደ እድር ያለው አፎቻ አለ። አዳራሽ፣ ወንበርና የሚከባበር ሰው ተሟልቶ ተቀምጧል። ከዚህም በላይ መዝገብ አለ! በአገራችን የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በሥርዓት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ለቁጥር 15 የልደት ምስክር ወረቀት ፍለጋ መድከም ስለዚህ ዋጋ የለውም። የእድር መዝገብ ግን ሌላ ነው። እድር ገንዘብ ስለሚከፍል ለማን እንደሚከፍል መጻፍ አለበት። ለአባል፣ ለባል፣ ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለአባትና ለእናት፣ በብዙ እድር ለአማትም። የእናትዎን አባት ገጽ ሲከፍቱ «ለአማት ለቅሶ ተከፈለ» የሚል መስመር ቢያገኙ፣ የሞቱት ሴት ከሆኑ ቁጥር 15ን አገኙ ማለት ነው፤ የሞቱበት ቀንም አብሮ ሊኖር ይችላል። መዝገቡን ለማየት ግን ሊቀመንበሩንና ጸሐፊውን ማስፈቀድ ግድ ነው። ፎቶ የሚነሳውም የራስ ቤተሰብ ገጽ ብቻ ነው።

የሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ የኒካሕ ወረቀት ይፈለግ። የሙሽራዋ ስም ከነአባቷ፣ ወሊዋ (በጋብቻው የሚወክላት ዘመድ) እና ምስክሮቹ እዚያ ላይ ይገኛሉ። ወሊ አብዛኛውን ጊዜ አባት፣ ወንድም ወይም አጎት ስለሆነ አንድ ወረቀት የሴቲቱን የአባት ወገን ይከፍታል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የክርስትና ስም ይጠየቅ። በቤት «እትዬ በላይነሽ» የሚባሉት እናት በደብሩ መዝገብ የሚገኙት በወለተ ማርያም ሊሆን ይችላል፤ ወለተ ማርያም ደግሞ ብዙ ናቸው። የክርስትና እናታቸውን ስም መያዝ ለመለየት ይረዳል።

(ምስል፦ የድሮ ወረቀቶች በፈረንሳይኛ፤ ከዚያ የጁገል ግንብ)

የምድር ባቡር የሥራ ወረቀት በቤትዎ ካለ ምናልባት በፈረንሳይኛ ነው፤ ቀኑም የፈረንጅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ (በፈረንጅ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ) 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይቀነሳል። የሐረር ሰነድ በሂጅራ ከተጻፈ ዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እንደሚያጥር አይርሱ፤ 33 የሂጅራ ዓመት ወደ 32 የእኛ ዓመት ነው።

(ምስል፦ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፤ አንዷ ትጽፋለች)

አውደ ጥናቱ ላይ ብዙ ሰዓት ሊሰጠው የሚገባው ግን አጠያየቅ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ መለማመድ ያስፈልጋል። እማማን «መቼ ተወለዱ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። «ጣሊያን ሲገባ ነፍስ አውቀው ነበር?» ካሉ 1928 ዓ.ም.ን ይዘዋል። «በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ትልቋ ልጅዎ ስንት ዓመቷ ነበር?» ካሉ 1969 እና 1970ን ይዘዋል። የድሬ ቀትር ለሽማግሌ አይሆንም፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ነፋስ ሲገባ ይጠይቁ። ሁለት እህትማማቾች የእናታቸውን እናት በሁለት ስም ቢጠሩ ሁለቱንም ይጻፉ፤ አንዱ የክርስትና ወይም የቁልምጫ ስም ሊሆን ይችላል። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን ነገረኝ፣ መቼ፣ የት የሚለው ይግባ። ይህ ከሌለ ነገ ልጆችዎ የትኛውን እንደሚያምኑ አያውቁም።

አንድ ከባድ ነገር አለ። «የእናትህ ወገን ከየት ነው?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ሰውን ያስፈራል፤ ለምን እንደተፈለገ አይታወቅምና። አስተባባሪው ከመጀመሪያው ቀን እንዲህ ይበል፦ ወረቀቱ የቤተሰቡ ነው፤ አይሰበሰብም፤ ማንም ለማሳየት አይገደድም። ድሬዳዋ ላይ አራት ትውልድ የሞላ ሰው ኦሮሞ፣ ሶማሌ፣ አማራ፣ ሐረሪ፣ የመን በአንድ ገጽ ቢያገኝ የሚገርም አይደለም። ከጋብቻ ውጭ የተወለደ፣ ሃይማኖት የቀየረ፣ በሰው ቤት በማደጎ ያደገ ዘመድም ይወጣል። በሕይወት ያለን ሰው የሚነካ ከሆነ፣ ሰውየው ሳይፈቅድ አይጻፍ፤ ቴሌግራም ላይም አይለጠፍ።

(ምስል፦ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ)

የተሞላው ወረቀት ሦስት ቅጂ ይኑረው። የ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ ቤት ከነዕቃው ወስዷል፤ ፎቶና ሰነድም አብሮ ሄዷል። አንዱ ቅጂ በእርስዎ ቤት፣ አንዱ ከወንዙ ርቆ በሚኖር ዘመድ ዘንድ፣ አንዱ በስልክ ተነሥቶ ውጭ አገር ላለ ልጅ ይላክ። ከፎቶው ጀርባ ላይ የማን እንደሆነ በእርሳስ ይጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወረቀቱን አልፎ ፊቱን ያበላሻል።